ፎቶው ላይ ስምንት ሰው ነው ያለው፤ ጀርባው ላይ ግን «9 ነን» ይላል

የእህት ልጅ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ ካረፈ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቤታችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ለትልቁም ለትንሹም ጋሼ ነበር። አንቱ ልንለው ሲገባን አንተ እያልነው አደግን። እሱም ወዶ ነው። 94 ዓመት ኖረ።

የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበር፣ የመጀመሪያው ቃኘው። በሚያዝያ 1943 ከለገሃር በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ኮሪያ ከሄዱት አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ባሕር አይቶ አያውቅም። ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው ፑሳን ሲወርዱ «መሬቱም እንደ መርከቡ ይወዛወዝብኝ ነበር» ይለን ነበር። ከኮሪያ የሚያወራልን ይህንንና ብርዱን ብቻ ነው። ስለ ውጊያ ስንጠይቀው «ተዋጋን፣ ተመለስን» ካለ አለቀ። ደግመን አንጠይቅም።

ብርዱ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች በልቷቸዋል። ጫፋቸው አይሰማውም ነበር። የሸሚዝ ቁልፍ ሲቆልፍ ሁለቱን ቀስሮ በቀሩት ነበር የሚሠራው። እኔ ልጅ ሆኜ ሸሚዝ የሚቆለፈው እንደዚያ ይመስለኝ ስለነበር ሁለት ጣቴን ቀስሬ ነው የተማርኩት። እስካሁንም አለቀቀኝም።

ክረምቱን ሁሌ እሱ ቤት ነበር የምናሳልፈው፤ ኮሪያ ሰፈር። ፍራሽ ይዘረጋና አሥር አሥራ ሁለት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ እንተኛለን። መብራት ከጠፋ በኋላ ጋሼ ባትሪ ይዞ ይገባል። እንዳይቀሰቅሰን ብርሃኑን በመዳፉ ይሸፍነዋል፤ በጣቶቹ መሀል የምታልፍ ቀይ ብርሃን ብቻ ናት የምትታየው። ከዚያ ይቆጥረናል። መጀመሪያ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አንድ» ይላል። ቀጥሎ በብርድ ልብሱ ላይ የእያንዳንዳችንን እግር እየነካ «ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» ይላል። አንዳችን ሽንት ቤት ሄደን ከሆነ እስክንመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስንመለስ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ደረቱን ሲነካ የሚያማትብ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሣጥኑን ስንከፍት ሜዳሊያውንና አንድ ፎቶ አገኘን። ስምንት ወታደሮች ናቸው። አምስቱ ቆመዋል፣ ሦስቱ ተንበርክከዋል፤ ኋላቸው በረዶ ነው። ጋሼ ከቆሙት የመጨረሻው ነው፤ በጆሮው አወቅነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ታኅሣሥ 1944፣ 9 ነን» ይላል። ስም የለም። ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ስምንት ናቸው። እሱ ደግሞ ቆጠራ የሚሳሳት ሰው አልነበረም። ምን ማለት ይሆን? የቃኘው ቤተሰብ የሆናችሁ እንዲህ ያለ ፎቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ፀደይ

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እግዚአብሔር ያጥናችሁ። የባትሪዋን ብርሃን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ።

ሰዒድ

አላህ ይዘንላቸው። ለጥያቄህ መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ ዘጠነኛው ፎቶውን ያነሳው ሰው ነው። እኛም ቤት ብዙ ፎቶ ላይ አባታችን የለም፤ ካሜራውን የሚይዘው እሱ ስለነበር።

የእህት ልጅ

ሰዒድ አመሰግናለሁ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ግን ታች ጥግ ላይ የፎቶ ቤት የሚመስል ማኅተም አለ፤ ጽሑፉ የእኛ አይደለም። ከጓዱ መሀል ያነሳው ሰው አይመስለኝም።

አሮጌ ፎቶ

ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን። ሥራዬ የድሮ ፎቶ ማደስ ነው። አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ ጀርባውን በጨርቅም በጣትም እንዳታሸው። ፕላስተርም እንዳትለጥፍበት። የእርሳስ ጽሑፍ በትንሽ ነገር ይጠፋል።

ይህን አድርግ። ክፍሉን አጨልመህ ፎቶውን ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። የስልክህን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርገህ አብራበት። እርሳስ ወረቀቱን ይጎደጉዳል። ቀለሙ ቢጠፋም ጉድጓዱ ይቀራል፤ መብራት ከጎን ሲመጣ ጥላ ይሠራል። ተሰርዞ የተጻፈ ነገር ካለ በዚያ ይታያል። ከዚያ ፊቱንም ጀርባውንም በ600 ዲፒአይ ስካን አድርገህ አስቀምጥ። ጥግ ላይ ያለው ቡኒ እድፍ ምን ነካው? የውኃ አይመስልም።

የታጠቅ ልጅ

የእኔ አባት ኮሪያ አልሄደም፤ የእሱ ጦርነት ኦጋዴን ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ምሥራቅ ግንባር ሄደ። ካራማራ ላይ ነበር፣ ጅጅጋ በየካቲት 1970 ስትለቀቅ። ሌላ ጦርነት፣ ሌላ ዘመን ነው፤ ዝምታው ግን አንድ ዓይነት መሆኑ ገረመኝ።

አባቴ በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን አንዷን ግራጫ ካፖርት ይለብስና ትግላችን ሐውልት ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጎን ያለውን ማለቴ ነው። አንድ ዓመት ተከተልኩት። ሐውልቱ ሥር ቆሞ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠጣ፤ ከኮዳ ነው፣ ከራሱ የድሮ ኮዳ። ሁለት ጊዜ ተጎነጨ፣ ሦስተኛውን መሬት ላይ አፈሰሰ። ስመለስ ምንም አልጠየቅኩትም። አሁን ሞቷል። ለማን እንዳፈሰሰው አላውቅም። ያን ቀን አብሬው መቆሜን እንደ ትልቅ ነገር ነበር የያዝኩት። አፌን ከፍቼ መጠየቅ ነበረብኝ።

አንተ ቢያንስ ቁጥር ተውልህ። ያዘው፣ አትልቀቀው።

ቹንቾን ያለሁት

ሰላም። እኔ ኮሪያ ነው የምማረው፤ ቹንቾን ከተማ። የመታሰቢያ አዳራሹን ጋሼ አይተውት ነበር? ወንዙ ዳር ነው፤ ጣሪያው ሦስት ጎጆ ቤት ጎን ለጎን የተተከለ ይመስላል። መጀመሪያ ሳየው አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩና ሳላስበው ጮህኩ። በ1960 ዓ.ም ጃንሆይ ራሳቸው መጥተው የመረቁት ሐውልትም እዚያው ፊት ለፊት ነው። ጎኑ ከያኔ ጀምሮ የቆየ ቡና ቤት አለ፤ ስሙ «የኢትዮጵያ ቤት» ነው።

ውስጥ ፎቶ ብዙ ነው። አብዛኛው ሰልፍ፣ ባንዲራ፣ ጄኔራል ነው። እኔን ያቆመኝ አንድ ወታደር ተቀምጦ ካልሲ ሲቀይር የሚያሳየው ነው። እግሩ ከበረዶው በላይ ተንጠልጥሏል። ሃያ ዓመት ይሆነው ይሆናል፤ የእኔ እኩያ ነው። እዚህ የመጀመሪያውን የብርድ ወር ወፍራም ጃኬት ለብሼ፣ ክፍሌ እየሞቀ፣ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ ስለማውቅ ከፎቶው ፊት መሄድ አቃተኝ።

አዳራሹን የሚያስጎበኙት ሰዎች አንድ ነገር ሁሌ ይደግማሉ። በሦስቱ ቃኘው ሻለቃዎች ከ3,000 በላይ ሰው መጣ፤ ከ120 በላይ ሞተ፤ ከ500 በላይ ቆሰለ፤ አንድም አልተማረከም። ፑሳን ያለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ውስጥም የኢትዮጵያውያን መቃብር የለም። የሞቱትንም አገራቸው መልሰዋቸዋል።

ሰዒድ

«አንድም አልተማረከም» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንደ ፉከራ ነበር የምሰማው። አሁን የጋሼን ባትሪ ካነበብኩ በኋላ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ማታ ማታ አንድ ሰው እየቆጠረ ነበር ማለት ነው።

ፀደይ

ሳላውቅ ልጠይቅ፤ ቃኘው ማለት ምንድነው? የሰው ስም ነው?

የታጠቅ ልጅ

ፀደይ፣ የፈረስ ስም ነው። የራስ መኮንን፣ የጃንሆይ አባት፣ የፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው» ነው። ሻለቃውም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

የእህት ልጅ

አሮጌ ፎቶ፣ ያልከኝን አደረግኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

መብራቱን ከጎን ሳደርግ «9» የሚለው ሥር ሌላ ቁጥር አለ። «8» ነው። በደንብ ተጭኖ ጽፎት፣ አጥፍቶት፣ በላዩ «9» ጽፏል። እርሳሱ ሁለት ጊዜ ተመላልሶበታል። ቀኑና «ነን» የሚለው ግን አልተነካም። ስለዚህ መጀመሪያ በትክክል ቆጥሮ «8 ነን» ብሎ ነበር። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ። እድፉ ከምን እንደሆነ አላውቅም።

ይህን ውይይት ለአጎቴ ልጅ ልኬላታለሁ። እሱ ጋር የኖረችው እሷ ናት።

የጋሼ ልጅ

እኔ የመጨረሻ ልጁ ነኝ። እንዲህ ያለ ቦታ ጽፌ አላውቅም። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

በመጀመሪያ ስለ እድፉ። የጤፍ ጆንያ ነው። አባዬ የክብር ዘበኛ ነበር። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ከሽፎ ክብር ዘበኛ ሲበተን እሱም ተበተነ። ከዚያ የአሰብ መንገድ ሹፌር ሆነ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነና ደቡብ ኮሪያ ሄዶ መዋጋት የሚወራ ነገር አልነበረም። እማዬ ሜዳሊያውንና ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልላ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። ዓመታት እዚያ ተቀመጠ። ጤፉ ባለቀ ቁጥር አውጥታ ወደ አዲሱ ጆንያ ታዛውረዋለች። እኔ ልጅ ሆኜ ጤፍ ለመስፈር እጄን ስከት እንደ መጽሐፍ ጠንካራ ነገር ይነካኝ ነበር። «እሱን አትንኪ» ትለኝ ነበር።

አሁን ስለ ዘጠኙ። ይህን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ዓይኑን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሁለቱም ዓይኖቹ ተሸፍነው ነበር። አጠገቡ ፍራሽ ዘርግቼ አድር ነበር። እኔን ስለማያየኝ ይሆናል፣ ድንገት ማታ ማውራት ጀመረ።

ሌሊት ለቅኝት ወጡ። ዘጠኝ ናቸው። አሥር አለቃው እሱ ነው። በረዶው ጉልበት ድረስ ነው። ሲመለሱ ተኩስ ተከፈተባቸውና ተበተኑ። ከዚያ ቀድመው በተቀጣጠሩበት ቦታ አንድ በአንድ ደረሱ። ጨለማ ነው፤ ድምፅ ማሰማት አይቻልም። አባዬ ትከሻ እየነካ ቆጠረ። ዘጠኝ ሞላለት። «ሙሉ ነን» ብሎ ይዟቸው ሄደ። ምሽግ ገብተው መብራት ሲያዩ ስምንት ናቸው። ሲጀምር ራሱን ቆጥሮ ነበር፤ ሲጨርስ ደግሞ ራሱን ደገመ።

ተመልሶ ሄደ። ሁለቱ ተከተሉት። ሰውየውን አገኙት። እግሩን ተመትቶ በረዶ ውስጥ ነው። እነሱ ሲሄዱ ዳናቸውን ሰምቷል። ሲቆጥሩም ሰምቷል። ቢጣራ የተኮሱት ሰዎች ሌሎቹን ያገኛሉ ብሎ ዝም አለ። አባዬ ጓንቱን አውልቆ አለበሰው። ጣቶቹ የሞቱት ያን ሌሊት ነው።

ሰውየው ተረፈ። ጃፓን ሆስፒታል ላኩት። ፎቶውን የተነሱት እሱ ገና ሳይመለስ ነው። አባዬ ያየውን ቆጥሮ ስምንት ብሎ ጻፈ። «ከዚያ ደግሜ የረሳሁት መሰለኝ» አለኝ። ሰርዞ ዘጠኝ አለ።

እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርገው ለጸሎት አይደለም ወንድሜ። ራሱን መቁጠሩን እጁ እንዲያስታውስ ነው። አንዴ ደረቱን ከነካ ሁለተኛ ራሱን አይቆጥርም።

ሰዒድ

ያ አላህ።

አሮጌ ፎቶ

እህቴ፣ እድፉን ላጠፋው እችል ነበር፤ አላጠፋውም። እማዬ የደበቁበት ምልክት ነውና ይቆይ።

የእህት ልጅ

የፃፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከዘራ የያዘውን ሰውዬ ታስታውሻለሽ አይደል? በየእንቁጣጣሹ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው። አንድ እግሩን ይጎትት ነበር። ለእኛ የጋሼ ወንድም ነበር፤ ማንም ሌላ ነገር አልነገረንም። ጋሼ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። ሰላምታቸው አይረሳኝም፤ አይተቃቀፉም ነበር። ሰውየው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ይቆማል፣ ጋሼ በእጁ ይነካዋል። ከዚያ ይገባሉ። የድሮ ሰዎች ሰላምታ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

እሱ ነው?

የጋሼ ልጅ

እሱ ነው።

ያረፈ ጊዜ አባዬ ከቀብር መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አላወለቀም። ሳወልቅለት ምንም አልተናገረም። ማታ ግን እንደ ሁሌው ባትሪውን ይዞ ተነሳ። ያኔ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እማዬ ነበርን። ሦስት ሰው ለመቁጠር ብዙ ቆየ።

የታጠቅ ልጅ

ለሁለታችሁም የምላችሁ የለኝም። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን ነገ አባቴ ጋር ካራማራ የነበሩትን አንድ ሽማግሌ ፈልጌ እሄዳለሁ። በሕይወት እንዳሉ ሰምቻለሁ። የሦስተኛውን ጉንጭ ውኃ እጠይቃቸዋለሁ።

ያደግኩት ኮሪያ ሰፈር

ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ ይቅርታ። አያቴ ሁለተኛው ቃኘው ናቸው፤ በሕይወት አሉ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ከመጀመሪያው ሻለቃ ብዙዎቹን በክብር ዘበኛ ያውቋቸዋል። ፎቶውን አትመህ አፍንጮ በር መታሰቢያው ጋ ብታመጣልን ቅዳሜ ጠዋት ላመጣቸው እችላለሁ። ትልቅ አድርገህ አትመው። ፊቶቹ ቢያንስ የሳንቲም ያህል ይሁኑ።

የእህት ልጅ

ዛሬ ከአፍንጮ በር ተመልሼ ነው የምጽፈው። የአጎቴ ልጅም አብራኝ ነበረች።

አባባ ታክሲ ውስጥ ሆነው ነው የደረሱት፤ ኮታቸው ላይ ሜዳሊያቸውን ሰክተዋል። ፎቶውን ስሰጣቸው መጀመሪያ ፊቶቹን አላዩም። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ያተምኩት ባዶ ስለነበር ዋናውን ከፖስታው አውጥቼ አሳየኋቸው። «9 ነን» የሚለውን በጣታቸው ሳይነኩ ከላይ ከላይ ተከተሉት። የልጃቸው ልጅ ጆሯቸው ላይ ታሪኩን ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰምቼዋለሁ፤ እሱ ነው ያ?» አሉ። በሻለቃው ሲወራ ነበር ማለት ነው። ጋሼ ማንም የማያውቅ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ፎቶውን አዙረው ፊቶቹን አንድ በአንድ ጠሩ። ስም ከጠሩ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ስድስት ስም አወጡ። ሁለቱ በኋላ ሌላ ግዳጅ ላይ ሞተዋል። አንዱ ከጦርነቱ በኋላ መምህር ሆኗል። ተንበርክኮ የሚስቀው እዚያው ኮሪያ ቀርቷል፤ ማለቴ ሕይወቱ። ስሙ መታሰቢያው ላይ ከሞቱት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ሄደን አገኘነው። የአጎቴ ልጅ መዳፏን ስሙ ላይ አድርጋ ቆየች። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፤ ቤተሰቦቻቸውን ፈልጌ ሳልጠይቅ ልክ አይመስለኝም። ፎቶው ላይም አልጻፍኩም። በሌላ ወረቀት ጽፌ ፖስታው ውስጥ ከጎኑ አስገብቼዋለሁ።

ስድስቱን አወቅን። ጋሼ ሰባት። ሆስፒታል የነበረው ሲጨመር ስምንት።

አንድ ሰው ቀርቶናል። ከቆሙት ከግራ ሦስተኛው ነው። ረጅም፣ ፊቱ ቀጠን ያለ፣ ኮፍያውን ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለ ይመስላል። ከአንገቱ ላይ ነጠላ የመሰለ ጨርቅ ጠምጥሟል፤ ከአገር ቤት ይዞት የሄደው መሆን አለበት፤ ከሌሎቹ በማንም ላይ የለም። አባባ ብዙ አዩትና «አላወቅኩትም ልጄ» አሉ። ሲሄዱም ታክሲው ውስጥ ሆነው ፎቶውን መልሰው ጠየቁኝና እንደገና አዩት።

በዚህ መልክ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን፣ የአጎታችሁን ፎቶ ቤታችሁ ያያችሁ ካላችሁ፣ በተለይ አንገቱ ላይ ያችን ጨርቅ ካስታወሳችሁ፣ እባካችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። በየቀኑ እያየሁ ነው።